ደርቋል የተባለው መሬት

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ዊልሻየርና ፌርፋክስ የሚባሉት መንገዶች ጥግ ላይ ለምድር ውስጥ ባቡሩ መቆፈር የጀመሩ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያማርረው የመኪናውን መጨናነቅ ነበር፤ እኔን ያስቸገረኝ ግን ሽታው ነው። ሐኪሜ «ዎክ ካላደረግህ እግርህ ይከዳሃል» ብሎ ስላስፈራራኝ ጠዋት ጠዋት ከፒኮ እነሳና በፌርፋክስ ሽቅብ፣ የእኛዎቹን ምግብ ቤቶች ገና በራቸውን ሳይከፍቱ አልፌ፣ ኦሊምፒክን ተሻግሬ እስከ ዊልሻየር እዘልቃለሁ። አንድ ቀን አጥሩ ጋ ስደርስ ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር ጭቃ ገልባጭ መኪና ላይ ሲጭኑ አገኘኋቸው። ሬንጅ ሬንጅ ይላል፤ ያ ሰፈር ድሮም ከሥሩ ሬንጅ ነው። ከሬንጁ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር፤ ብዙ ዘመን ተከድኖ የኖረ እንስራ ክዳኑን ሲያነሱለት የሚሸት ዓይነት። አንዱ ሠራተኛ ቆሜ ሳፈጥ አየኝና የጥንት ዝሆን አጥንት እየወጣ እንደሆነ በኩራት ነገረኝ። እኔ መች አጥንት አማረኝ። እግሬን የያዘው ጭቃው ነው። ያንን ሽታ ከዚያ በፊት የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከዚህ ስንትና ስንት ቀን መንገድ ወደ ሰሜን፣ መሬቱ ክረምት ከበጋ በማይቀልጥበት አገር፣ አንድ ወንዝ ዳር ነው።

እዚህ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ ሽማግሌ ዝም ካለ አገሩ ናፍቆት ነው ይባላል። «ጋሼ ደምሴን ዛሬ ደግሞ ሆድ ብሷቸዋል» ይሉና ሻይ ያመጡልኛል። እኔም አላርማቸውም፤ ናፍቆት የተከበረ በሽታ ነው፣ ማን ይጠላዋል። እውነቱን ለመናገር ግን እኔን ዕረፍት የሚነሳኝ አገሬ ሳይሆን አንድ ጉድጓድ ነው። ቁጥሩ አርባ አንድ። ጥልቀቱ ወገቤ ድረስ እንኳ አይመጣም። አሁን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በፓርኪንግ ሥራዬ ነው፤ ዊልሻየር ላይ ካለ ሕንፃ ሥር፣ አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከዚያ በፊት የአፈር ሰው ነበርኩ። እናቴ ስትለምነኝ «አፈር ስሆን» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አፈር በልቼ ነው ያደርኩት፣ ቃል በቃል። አፈሩን መዳፍ ላይ አድርጎ በውሃ ማሸት፣ በጣት እንደ ጥብጣብ መሳብ፣ አሁንም ካልለየ ጥርስ ላይ ማድረግ። ከተንሿሿ ደለል ነው፣ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። ይህን ሁሉ ትቼ ነው አስፋልት ላይ የተቀመጥኩት። ለምን እንደተውኩት ለባለቤቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። «የአፈር ሥራ ደሞዙ አያወላዳም» አልኳት፤ አመነችኝ።

ያኔ ወጣቶች ነበርን። «ነበርን» የምለው ጌትነትን ጨምሬ ነው። ከአንድ እርሻ ኮሌጅ ወጥተን ለተጨማሪ ትምህርት አላስካ ድረስ የተላክን ሁለት ሰዎች፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እሱ የጎጃም። የትኛው ዓመት እንደነበር ብትጠይቁኝ አቀላቅላለሁ፤ አገር ቤት መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ይሁን ተለውጦ ይሁን እንጃ፤ ብቻ ሱሪ ከታች ሰፊ የነበረበት፣ ሸሚዝ ክሳዱ የውሻ ጆሮ የሚያህልበት ዘመን ነው። ፌርባንክስ ከተማ ድልድዩን እንደተሻገራችሁ በስተቀኝ የወታደር ትርፍ ልብስ የምትሸጥ ሱቅ ነበረች። እዚያ ነው በአራት አራት ዶላር የሱፍ ሸሚዝ፣ በስድስት ዶላር እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት የገዛነው። የጌትነት ሸሚዝ ቀይና ጥቁር ዳማ ነበረች፤ ከገዛት ጀምሮ አላወለቃትም ማለት ይቻላል። ከሱቋ ማዶ ጥግ ላይ ቡና በሃያ አምስት ሳንቲም የሚቀዳባት ምግብ ቤት ነበረች፤ ሲኒው በጎደለ ቁጥር አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሳትጠየቅ ትሞላለች። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ጥላው ስለሄደች ሴት፣ ስለተሸጠ ፈረስ፣ ስለ ባቡር ነበር የሚዘፍነው። ጌትነት ሹካውን አንሥቶ «እነዚህ ሰዎች ሙሾ እየሰሙ እንቁላል እንዴት ይወርድላቸዋል?» ይለኝ ነበር። ሁለታችንም አንድ ስንዝር የሚያህል አፍሮ ነበረን። ወንዙ ዳር የወረድን ዕለት ግን ቢምቢው ፀጉራችን ውስጥ ይገባና መውጫው ይጠፋዋል፤ ጆሮ ሥር እንደ ዋሽንት ይነፋል። ሳምንት ሳይሞላን እርስ በርስ በመቀስ ተላጨን፤ እንደዚያ የምንኮራበት ፀጉር እዚያ የሰሜን ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ዩኮን ወደሚባለው ትልቅ ወንዝ የሚገባ አንድ ገባር ነበር፤ በትንሽ አውሮፕላን እዚያ አወረዱን። ሥራችን የተፋሰሱን አፈር መለየት ነው፤ እዚህ ጋ ጠጠር፣ እዚያ ጋ ደለል፣ ከኮረብታው ሥር ረግረግ እያሉ ካርታ ላይ መስመር ማስመር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥሩ የማይቀልጥ በረዶ ያለበትን መሬትና የሌለበትን መለየት። በዚያን ዘመን በረዷማው አፈር በደንብ የራሱ ወገን እንኳ አልነበረውም፤ እንደ ጥገኛ በሌላ አፈር ስም ላይ እየተቀጠለ ነበር የሚጠራው። አሁን የራሱ ስም ወጥቶለታል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ደስ ይበለው። ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ የአፈሩን ቀለም የቀለም ናሙና ካለበት መጽሐፍ ጋር እናስተያያለን፤ ከዚያ ጫፉ የሾለ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ታች እንከታለን። ዘንጉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ይሄድ ይሄድና «ቋ» ብሎ ይቆማል። እዚያ ጋ ነው በረዶው። ዛፎቹም ቢሆኑ ያስታውቃሉ፤ መሬቱ ከሥራቸው ሲላወስ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ አዘንብሎ ይቀራል። ጌትነት «ከሠርግ የተመለሱ ዛፎች» ነበር የሚላቸው። ድብ እንዳይጠጋን ድምፅ እንድናሰማ ታዘን ስለነበር ፈረንጆቹ ጣሳ ሲደበድቡ እሱ ዘራፍ ብሎ ይፎክር ነበር። ድቡን እንጃ፣ አለቃችን ግን መጀመሪያ የሰማ ቀን ከድንኳኑ በካልሲ ነው የወጣው።

የሥራ ክፍፍላችንን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ጌትነት ጉልበቱ ብርቱ ስለሆነ ይቆፍራል፣ የጉድጓዱን ማስታወሻም እሱ ይይዛል። እኔ እንግሊዝኛዬ ይሻላል ስለተባለ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ በታይፕ እገለብጣለሁ። ጌትነት ታዲያ ማስታወሻውን የሚጽፈው ባማርኛ ነበር። አለቃችን ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ደግ ሰው ነው፤ «በፈለጋችሁት ጻፉ፣ ለእኔ በእንግሊዝኛ ይድረሰኝ እንጂ» ብሎ ፈቀደ። ባማርኛ ለምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው ጌትነት «ጣቴ በብርድ ሲደርቅ እንግሊዝኛው አብሮ ይጠፋኛል» አለኝ። በብርድ ሲደርቅ ነው ያለኝ። እኛ አገር ሰው ሲበርደው «ደረቅሁ» ይላል፣ እጄ ደረቀ፣ እግሬ ደረቀ ይላል፤ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ስቄ አሳለፍኩት።

ወንዙ ዳር ሃያ ቤት የማይሞላ መንደር ነበር። ወንዙ በየዓመቱ ዳሩን እየበላ ወደ ቤቶቹ እየተጠጋ ስለነበር መንደሩ መነሣቱ አይቀርም፤ ወዴት ይነሣ የሚለውን ደግሞ የእኛ ካርታ ነበር የሚወስነው። ከወንዙ ከፍ ብሎ አንድ ደልዳላ አለ፤ የፊት ለፊቱ ወገን ጠጠር ነው፣ ከሥሩ በረዶ የለውም፣ ቤት ለመሥራት የሚመች። አግነስ የምትባል የዚያው አገር ተወላጅ ሴት ነበረች፤ ባሏን ወንዙ የወሰደባት፣ ከትንሽ ልጇ ከሩት ጋር የምትኖር። ከቤቷ ጀርባ ባለች የእንጨት ጎጆ ሳልመን ዓሣ በጭስ ታደርቅና ታበላን ነበር። ጌትነትን ስለሚበላላት ትወደዋለች። እኔን ግን ስታይ ካርታውን ነበር የምታየው። አንድ ቀን ድንኳኔ ድረስ መጣች። ካርታውን ዘረጋሁላት። ከደልዳላው በስተጀርባ፣ ኮረብታው ሥር፣ ግንዳቸው ነጫጭ የሆነ ዛፎች ያሉበትን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«እዚህ ጋ መሆን እፈልጋለሁ» አለች። «ግን አባቴ እዚያ ውሃ ተኝቷል ይል ነበር።»

ወረቀቴን አየሁ። ጉድጓድ አርባ አንድ፤ ላዩ ጠጠር፣ ከአንድ ክንድ በታች ደረቅ። ራሴ ነኝ የተየብኩት።

«ውሃ የለበትም፣ ደረቅ ነው» አልኳት።

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። «ለእናትህ ቢሆን እዚህ ቤት ትሠራላት ነበር?»

«ለእናቴ ቢሆን ከዚህ ሌላ አልመርጥም» አልኩ።

ጉድጓዱ ከድንኳኔ በእግር አሥር ደቂቃ አይሆንም። ሄጄ ዘንጉን አንድ ጊዜ ብወጋው ኖሮ ያበቃ ነበር። አልሄድኩም። ቦቴ እርጥብ ነበር። ይህችን ምክንያት ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጣት ኖሬያለሁ፤ ሌላ ቢጠፋ የተሻለች ምክንያት እንኳ ቢኖረኝ ምን ነበረበት እላለሁ። ቦቴ እርጥብ ነበር፤ ይኸው ነው።

ቤቶቹ በዚያው በበጋው መጨረሻ መሠራት ጀመሩ፤ እኛ ወደ ፌርባንክስ ተመለስን። ክረምቱ ገብቶ፣ መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ ሠርቶ፣ ሪፖርቱ ታትሞ ሰማያዊ ሽፋን ለብሶ መጣልን። አለቃችን ሰው ፊት አመስግኖኝ ነበር። ጌትነት ያቺን ዳማ ሸሚዙን ለብሶ፣ ድንች እየላጠ፣ ሪፖርቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያነባል።

«ስማ ደምሴ፣ አርባ አንድ ላይ "ደረቅ" ያልከው ምን ለማለት ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ደርቋል ያልከው?»

«እኮ፣ ደርቋል።»

«እኔም ደረቅ አልኩ።»

ቢላውን አስቀመጠ። «ደርቋል ስል በረዶ ሆኗል፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል ማለቴ ነዋ። ዘንጉ ቋ ብሎብኝ እኮ ነው። ያ ሁሉ ከሥር ውሃ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅን። አልዋሻችሁም፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም አግነስን ባንድ ጊዜ ያሰብናት ይመስለኛል፣ ሳቁ አፋችን ላይ ቀረ። በረዶ ላይ ቤት ሠርታችሁ ውስጡ ምድጃ ብታነድዱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እኛ ደግሞ ተምረናል። እሱ አንድ ቃል ጻፈ፣ እኔ አንድ ቃል ተረጎምኩ፤ ሁለታችንም አማርኛችን አልተሳሳተም። የቀለጠው ግን የሴትዮዋ መሬት ነው።

«ረግቷል ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት። «ቅቤ ይረጋ የለም? ስብ ይረጋ የለም?»

«እኛ ዘንድ ብርድ ያደርቃል እንጂ አያረጋም» አለ። ቢላውን መልሶ አነሣና «ነገ ጠዋት ሄደን ለአለቃ እንንገረው» አለኝ።

«አንተ ተወው። የተየብኩት እኔ ነኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

በዚያ ሳምንት አለቃችን ለመኖሪያ ወረቀቴ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ነበር። «ጠንቃቃ ሠራተኛ» ብሎ እንደሚጀምር ራሱ ነግሮኛል። ደብዳቤው ይጻፍና እነግረዋለሁ አልኩ። ተጻፈ። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ይምጣና አልኩ። ወረቀቱም መጣ። ከዚያ ወዲያማ ይህን ያህል ጊዜ የት ነበርክ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ጌትነት ሲጠይቀኝ «ነግሬዋለሁ» አልኩት፤ ትከሻዬን መታ አደረገኝና ስለ ሌላ ነገር አወራን። በረዶው ሲላቀቅ አገሩ ገባ። ከዚያ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፤ በዚያ ስስ ሰማያዊ የአየር ወረቀት፣ ጥቅጥቅ አድርጎ። መጨረሻው ሁሌ አንድ ነው፤ «የሴትዮዋ ቤት ተነሣላት ወይ?» በሦስተኛው መለስኩለት። «ተነሥቷል፤ ወደ ፊት ለፊቱ አምጥተውላታል፤ ሰላም በልልኝ ብላለች» ብዬ ጻፍኩ። ሰላም በልልኝ ብላለች! ያቺን ምን አስጨመረኝ? ውሸት ብቻውን አይቆምም፣ ድጋፍ ይፈልጋል። ከዚያ አገሩ ተናወጠ፣ ደብዳቤውም ቆመ። እኔም ጓዜን ሸክፌ ቁልቁል ወረድኩ፤ መሬቱ ጨርሶ በረዶ ወደማያውቅበት ከተማ።

ሎስ አንጀለስ ስመጣ ፌርፋክስ ላይ የእኛ ቤት ገና ጥቂት ነበር። አሁንማ ቅዳሜ ፓርክ ማድረጊያ የለም። ከምግብ ቤቶቹ መካከል አንዲት ማርኬት አለች፤ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ነጠላውም፣ የስልክ ካርዱም እዚያው ነው፤ ከበሩ አጠገብ የአፓርትመንትና የሥራ ማስታወቂያ ተደራርቦ ተለጥፏል። መቅደስ እዚያ ካሸር ናት። በዲቪ የመጣች፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ጴንጤ፣ ጸጥ ያለች ሴት። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ጋሼ ከኤልኤ በፊት የት ነበሩ ስትለኝ አላስካ አልኳት። እጇ ካልኩሌተሩ ላይ ቀረ። «ጋሼ ደምሴ ነዎት? የአላስካው?» አለችኝ። የጌትነት ልጅ ናት። ጌትነት ካረፈ ትንሽ ጊዜ ሆኖት ነበር፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለት፤ ታስሮ ተፈትቶ፣ አዋሽ ላይ አፈር ሲለካ ኖሮ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው። «እኔ እርስዎን ሳላውቅዎት ነው የማውቅዎት» አለች። «አባዬ ታሞ እንኳ ያወራልን ነበር። ሥራዬን አጣለሁ ሳይል ለአንዲት ድሃ ሴት እውነቱን የተናገረ ጓደኛ አለኝ ይል ነበር። እኔና ወንድሜ ስንዋሽ ሲይዘን በእርስዎ ነበር የሚገሥጸን።»

ምን ትላላችሁ? እኔ በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያች ማርኬት እመላለሳለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ከወንበሯ ትነሣልኛለች። እዚህ ያሉት ልጆች አንቱታ ጥለዋል፤ «ሄይ ጋሼ፣ ደህና ነህ?» ብለው ያልፋሉ፣ ክፋት የላቸውም፣ እንግሊዝኛው ነው። አለቃዋም ይስቅባታል፣ እዚህ እኮ ሁሉም «ዩ» ነው ይላታል። መቅደስ ግን «የአባቴን ጓደኛ አንተ ካልኩ ምን ቀረኝ?» ብላ በጄ አላለችም። እያንዳንዷ አንቱ ደረቴ ላይ ዘንግ ሆና ትወርዳለች፤ ቋ ብላ የምትቆምበትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ያ የጭቃ ሽታ የቀሰቀሰኝ ዕለት ከዊልሻየር ስመለስ ማርኬቷ ገባሁ። መቅደስ ስትጠብቀኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እሁድ አባዬ ያረፈበት ቀን ነው። ቸርች ትንሽ ፕሮግራም አለን። ሶ፣ ፓስተሬን አናግሬው ነበር… እርስዎ ምስክርነት ቢሰጡልኝስ? ስለ ሴትየዋ ቤት። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

መልሴን ሳትጠብቅ ከካውንተሩ ሥር ፌስታል አውጥታ ከፈተች። ቢጫ ሽፋን ያላት ትንሽ የመስክ ማስታወሻ ደብተር። አባቷ ዘንድ እንደቀረች አላውቅም ነበር። ጠርዟ በውሃ ተነፍቶ ደርቋል፤ ሳሸትታት አሁንም ያንን ጭቃ ትሸታለች ወይስ አፍንጫዬ ነው? የጌትነት የእርሳስ ጽሕፈት። አርባ አንድ። «ላዩ ጠጠር። ከክንድ በታች ደርቋል።» ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣ በእስኪርቢቶ፣ ቆይቶ የተጻፈ ሌላ መስመር አለ፤ «ደምሴ ተናግሯል። ቤቷም ተነሥቷል። ተመስገን።»

«እቺን እዚያ ሆነው ያነቡልናል» አለችኝ።

በማግስቱ ስልክ ያዝኩ። እኔ ያለሁበት አፓርትመንት የመሬት መንቀጥቀጥ እንዳይጥለው እግሩን በብረት እያሰሩለት ስለነበር ከሥሬ ይደበደባል፤ አንድ ጆሮዬን ይዤ ነው የማወራው። የዚያ የአላስካ መንደር ጽሕፈት ቤት ቁጥር ለማግኘት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ሠላሳና አርባ ዓመት የፈራሁት ነገር ሁለት ጥያቄ። አንዲት ሴት አነሣች። አግነስን ስላት «አግነስ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጇ ሩት ግን እዚሁ ናት» አለችና ሰጠችኝ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት።

«አፈር የሚበላው ሰውዬ ነህ?» አለችኝ ሩት።

«ነኝ።»

«አንተ በሕይወት አለህ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ዝምታዬን። ከሥር ያለው ድብደባ ቆሞ ነበር መሰለኝ ድምፄ ለራሴ ጮኸብኝ። ቤቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። በሦስተኛው በጋ የኋላው ጥግ መስመጥ ጀመረ አለች። በሩ አልዘጋ አለ፣ የወደቀ ነገር ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይንከባለላል። እናቷ በየጸደዩ ጥጉን በግንድ እያነሣች ታስተካክል ነበር። ጎረቤቶቿ ውጪ ሲሏት አልወጣችም። ወለሉ ላይ ውሃ ሲወጣ ነው ጎትተው ያወጧት። አሁን ቦታው ኩሬ ነው፤ ዳክዬ ይወርድበታል።

«ሰው ተጎዳ?» አልኳት። ይህችን ጥያቄ ነበር ሁልጊዜ የምሸሸው።

«ማንም አልሞተም። እናቴ አርጅታ ነው የሞተችው።» እፎይ ልል ስል ቀጠለች። «ግን ቤት እንደገና አልነበራትም። የእህቷ ቤት ሶፋ ላይ ነው ያረጀችው። ስለ አንተ ክፉ አልተናገረችም። ለእናቴ እዚህ እሠራ ነበር ያለኝ ሰው እንዲህ ሆኖ እያየ ዝም አይልም፣ ያ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ነው፣ ሞቶ ነው ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ለነፍስህ ሻማ ታበራ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከሰሜን የሚመጣ አንድ ሙት ያባርረኛል ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለካ ሙቱ እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴት ዋሸኝ ከማለት ሞተ ማለት ቀልሏት ገድላኝ፣ አልቅሳልኝ፣ እኔ እዚህ ትኬት ስቀበል ኖርኩ።

ዓርብ ማርኬቷ ሄድኩ። አንድ እሽግ በርበሬ አነሣሁና ሰው እስኪያልቅ መደርደሪያውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ለመቅደስ ነገርኳት፤ ቆሜ፣ ለአለቃዬ ያኔ መናገር በነበረብኝ ልክ፣ አሳጥሬ። ደብተሯን አስወጣኋትና አርባ አንድን ገለጥኩ። መቅደስ አላለቀሰችም። የአባቷን መስመር በጣቷ አንዴ ሄደችበት፤ ተመስገን የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አባዬ ሳያውቅ ነው የሞተው» አለች።

«ሳያውቅ ነው።»

«በእርስዎ ምለን ነው ያደግነው» አለች፣ ለራሷ ይመስል።

«ልጄ፣ እዚህ ሥር አንቺ ጻፊልኝ» አልኳት። «ደምሴ አልተናገረም በይ። እሁድ መጥቼ ያንኑ አነባለሁ።»

ደብተሩን አዙራ ወደ እኔ ገፋችው። እስኪርቢቶዋን ከላዩ አስቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንቱ ያለኝ አፍ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«እኔ አልጽፍልህም» አለች። «ራስህ ጻፈው።»

ጻፍኩ። «አልተናገርኩም። ቤቷ ሰምጧል። ደምሴ።» ባማርኛ ነው የጻፍኩት፤ ይህችን እንኳ ማንም አዛብቶ አይተረጉማትም። ደብተሩን ተቀብላ ሳትዘጋው አነበበችው፤ ከዚያ ዕቃዬን ፌስታል ውስጥ አስገብታ፣ ፊቷን ገና ወደ ገባ ሰው አዞረች። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«በርበሬህን ረስተሃል» አለችኝ።